አልወረድህም

ዳንግላ ውስጥ የቦክስ ክርክር ሲነሣ ሰው የሚሰበሰበው ልብስ ሰፊው ምህረቴ በረንዳ ላይ ነው። ምህረቴ በወጣትነቱ አንድ ዓመት ያህል ጓንት አጥልቆ፣ አፍንጫው ሲሰበር የተወ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ግጥሚያ አለ በተባለበት ሁሉ እየተሳፈረ ያያል፤ ያመለጠውን በስልኩ ያስጭንና እያቆመ፣ ወደ ኋላ እየመለሰ ይመረምራል። ስለዚህ ሌሎቹ ሲጯጯሁ ይቆዩና በመጨረሻ ወደ እሱ ይዞራሉ። እሱም የስፌት መኪናውን መርገጡን ገታ አድርጎ አንድ ቃል ከተናገረ ነገሩ ያበቃል።

ከቦክሰኞች ሁሉ አብልጦ የሚወደው አዝመራውን ነበር። አዝመራው ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ካለ ቀበሌ የወጣ የገበሬ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ክለብ ገብቶ ዘጠኝ ዓመት ተወዳደረ፤ ስሙም በአገሩ ገነነ። በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ኢንጅባራ ተመልሶ ትዳሩን ይዞ ተቀመጠ እንጂ ቦክሱን አልተወም። ይሁንና የመጨረሻዎቹን ሁለት ግጥሚያዎች በነጥብ ተሸነፈ፤ በረንዳውም ለሁለት ተከፈለ።

ወርዷል የሚሉትን የሚመራው ገብረ ማርያም ነው፤ ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር። እጁ እንደ ድሮው ከባድ ነው፣ እግሩም አልሰነፈም፤ ግን ከግራ ጎኑ የሚመጣው ቡጢ ሁሉ ያርፍበታል፤ ዕድሜ ነውና ይብቃው ይላል። ምህረቴ ደግሞ ልምምድ አጥቶ ነው እንጂ አልወረደም ባይ ነው። ክርክሩን ያከረረው የቻግኒው እንየው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን የረታው የለም። ሁለቱ ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል እየተባለ ሁለት ዓመት ተወራ። የቻግኒ እህል ነጋዴዎች ለገበያ በመጡ ቁጥር የእናንተ ሰው ሸምግሏል እያሉ ሲያልፉ ምህረቴን ያንገበግበዋል።

እውነቱን ግን ምህረቴ ከሁሉም ቀድሞ አይቶት ነበር። አዝመራው የተሸነፈበትን የባሕር ዳሩን ግጥሚያ በስልኩ እየመለሰ ሲያይ፣ በሁለተኛው ዙር የተጋጣሚው ቀኝ እጅ በአዝመራው ግራ በኩል ዞሮ ይመጣል። አዝመራው አልተነቃነቀም። ዕድሜ የተጫነው ቦክሰኛ ዘግይቶም ቢሆን አንገቱን ያዘነብላል፤ ይህ ግን ቡጢው ፊቱ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ዝም ብሎ ቆሟል። ምህረቴ ያንኑ ስድስት ሰባት ጊዜ አየው። ይህ መዘግየት አይደለም፤ አለማየት ነው። ስልኩን ዘግቶ ለማንም ሳይናገር ቀረ።

የግጥሚያው ቀን ተቆርጦ አንድ ወር ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አዝመራው ራሱ ወደ በረንዳው መጣ። ቁምጣ ሊያሰፋ ነው። ሁሉም ተነሥተው ቦታ ለቀቁለት። ምህረቴ ሜትሩን ይዞ በግራው በኩል ዞረና ወገቡን ሲነካው አዝመራው ከጎኑ ድንገት እንደነኩት ፈረስ ደነበረ። ወዲያው ሳቅ ብሎ፣ ሐሳብ ይዞኝ ነው አለ። ልኩ ተወስዶ ካለቀም በኋላ አልሄደም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጋሽ ምህረቴ፣ ሰው ወርዷል ይለኛል። እርስዎ ሁሉንም አይተዋል። ወርጃለሁ?» አለው።

ገብረ ማርያም መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ይጠብቃል። ምህረቴ የአዝመራውን ግራ ዓይን አየው፤ ጥቁሩ ላይ ስስ ጉም ነገር ያለበት መሰለው። ቃሉ አፉ ድረስ መጥቶ ነበር።

«አልወረድህም። እንየው ገና ልጅ ነው፤ ሦስተኛውን ዙር አያይም» አለ።

አዝመራው ሌላም ነገር የሚጠብቅ ይመስል ትንሽ ቆመ። ከዚያ፣ «እንግዲህ እርስዎ ካሉ» ብሎ ሄደ።

ግጥሚያው ኢንጅባራ አዳራሽ ውስጥ እሑድ ከቀትር በኋላ ተደረገ። ከቻግኒ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጥቷል። የመጀመሪያውን ዙር አዝመራው ወሰደው፤ ምህረቴም ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኸ። በሁለተኛው ዙር አጋማሽ ላይ እንየው ነገሩ ገባው። በቀኝ እጁ ሞከረ፤ ቡጢው አረፈ። ደገመ፤ አረፈ። ከዚያ በኋላ ሌላ አልፈለገም። ሦስተኛው ዙር እንደተጀመረ አዝመራው ወደቀ። ዳኛው ሳይቆጥር እጁን አወናጭፎ ግጥሚያውን አቆመ። ቻግኒዎች በደስታ ሲዘሉ፣ እንየው ግን ጓንቱን እንዳጠለቀ አጠገቡ ተንበርክኮ ስሙን ይጠራው ነበር።

አዝመራው ከአምስት ቀን በኋላ ነቃ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ቀኝ እጁ ከዳው፤ አንደበቱም ተጎተተ። ግራ ዓይኑ ደግሞ ከጠፋ ዓመት አልፎት ኖሯል። ለዓይን ምርመራ ሲቀርብ የፊደሉን ሰሌዳ ሸምድዶ ነበር የሚያልፈው። ይህን ሁሉ ለምህረቴ የነገረችው ሚስቱ ማናለብሽ ናት፤ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው።

«ወደ እርስዎ ሲመጣ ቁምጣ አጥቶ አልነበረም» አለችው። «ጋሽ ምህረቴ ካወቁብኝ እተወዋለሁ፣ እሳቸው ካላወቁብኝ እንየውም አያውቅብኝም ብሎኝ ነው የሄደ። እርስዎ ምን ያድርጉ፤ አላዩ።»

ምህረቴ አንገቱን ደፋ። አይቻለሁ ሊላት አልቻለም። ዳንግላ ተመልሶ ሦስት ሳምንት ያህል ሲሰፋ ቆየ፤ እንቅልፉም ምግቡም ቀነሰ። በረንዳው ላይ ገብረ ማርያም «ብዬ ነበር» ይላል ብሎ ሲፈራ፣ ሰውየው አንድም ቀን አላነሣበትም፤ ያ ደግሞ ባሰው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሳፍሮ ኢንጅባራ ሄደ። አዝመራው ደጅ ፀሐይ ላይ ወንበር ወጥቶለት ተቀምጧል። ማናለብሽ አጠገቡ ገብስ ታበጥራለች። ምህረቴ ጤንነቱን ጠይቆ፣ እንደገና ጤንነቱን ጠየቀ።

«አይቼ ነበር» አለ በመጨረሻ።

የማናለብሽ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ። አዝመራው ፊቱን በሙሉ አዞረና በደኅናው ዓይኑ አየው።

«መቼ?»

«የባሕር ዳሩ ላይ። ሁለተኛው ዙር።»

«ታዲያ... ለምን?»

ምህረቴ መኪና ውስጥ ሳለ ብዙ መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ ሞራልህ እንዳይነካ ብዬ፣ እርግጠኛ ስላልነበርሁ። አሁን ሁሉም ጠፋበት።

«ገብረ ማርያም እዚያው ተቀምጦ ነበር» አለ።

አዝመራው ለሚስቱ በአዊኛ አንድ ነገር ነገራት። ምህረቴ አዊኛ አይሰማም። እሷም አልተረጎመችለትም፤ ደክሞታል፣ ይተኛ ብላ ባሏን በብብቱ ደግፋ አስገባችው። ምህረቴ ደጁ ላይ ጥቂት ቆሞ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድም ሄደ፤ ከዚያም በኋላ ባለው። ብዙ አያወሩም፤ ግን አላባረሩትም።

ከነዚያ እሑዶች በአንዱ ሲመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቱ የተቀመጡ ሁለት ጎረምሶች ክርክር ይዘዋል። አንደኛው አዝመራው በደኅና ዘመኑ ቢሆን እንየውን በዝረራ ይጥለው ነበር ይላል፤ ሌላው አይችልም ይላል። አልስማማ ሲሉ ወደ ኋላ ዞረው፣ «አባት፣ እርስዎ ያውቁታል? ማን ያሸንፍ ነበር ይላሉ?» ብለው ጠየቁት።

«ኢንጅባራ ቤቱ አለ» አላቸው። «ሂዱና ጠይቁት። ጠያቂ ሰው አይመጣለትም።»

ጎረምሶቹ በትሕትና ፈገግ ብለው ዞሩ። ዳንግላ እስኪደርሱ ድረስ እንየውን ከሌሎች ሁለት ቦክሰኞች ጋር በወሬ አጋጥመውት ነበር።