የጸሎት ርዕስ

ቁልፉ አልገባም አለ። ሳሮን አገላብጣ አየችው፣ በሱሪዋ ጠረገችው፣ እንደገና ሞከረች። ከዚያ ነው ዐይኗ ወደ መቆለፊያው የሄደው። ትናንት ማታ በገዛ እጇ የቆለፈችው ያ የዛገ መቆለፊያ አይደለም። አዲስ ነው። ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የዋጋው ወረቀት እንኳ ገና ያልተላጠለት።

«ማነው ደግሞ ይሄን የገጠመብኝ?» አለች፣ መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ እስኪያያት ድረስ።

ቅዳሜ ነው፣ የጥቅምት ጠዋት። ሳሮን ሱቋን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትከፍትበት ቀን ነው። ከበሩ በላይ የተሰቀለው ሰሌዳ «ሳሮን ጌም፦ መሸጫና ጥገና» ይላል። ውስጥ ፕሌይስቴሽኖቹ ከነካርቶናቸው ተደርድረዋል፣ ጆይስቲኮቹ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥለዋል፣ ካቻቪቴዎቿና ማበየጃዋ ጠረጴዛው ላይ ተሰድረው እጇን ይጠብቃሉ። መናኸሪያው አጠገብ በሰው ሱቅ ሞባይል ስትጠግን ዓመታት ፈጅታለች። ዲላ ውስጥ ጆይስቲክ የተበላሸበት ሰው ወይ ሐዋሳ ይልካል ወይ ይጥለዋል። «ለምን ይጣላል?» ብላ ነው የተነሳችው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ልጅ ተሰብስቦ በሰዓት እየከፈለ የሚውልበት ቤት አይደለም። ውርርድም የለበትም። ይህንን ስንት ጊዜ አስረዳች! ግን ለማን ይነገራል? ጌም የተባለ ሁሉ ቁማር ነው ብሎ የደመደመ ሰው ጆሮውን በጥጥ ወትፎ ነው የሚያዳምጠው።

ክፍሉ የእናቷ ግቢ የመንገድ ዳር ክፍል ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ የተሰበረ ወንበርና የባዶ ጆንያ ማከማቻ ሆኖ የኖረ። እናቷ በገዛ አፏ «ውሰጂውና ሥሪበት» ብላ ነው የሰጠቻት። ሳሮን ጠርጋ፣ ወለሉን አስለስና፣ ጣሪያው ድረስ በራሷ እጅ ቀለም ቀብታ ሱቅ አስመሰለችው። ይኸው አሁን ደጁ ላይ ቆማለች፣ በማይገባ ቁልፍ።

በጎን በኩል ወደ ግቢው ገባች። እናቷ ጓሮ፣ እንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች።

«እማዬ፣ መቆለፊያውን ማን ቀየረው?»

«ደህና አደርሽ አይባልም?»

«ደህና አደርሽ። ማን ቀየረው?»

እናቷ ከጎመኑ ቀና አላለችም። «እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ዛሬ? ለምን?»

«እየተጸለየበት ነው።»

«ምኑ ላይ?»

«ሱቁ ላይ ነዋ! ኅብረቱ ውስጥ የጸሎት ርዕስ ሆኖ ቀርቧል። መልስ እስኪመጣ በሩ ተዘግቶ ይቆይ ተባለ።»

የጸሎት ርዕስ ማለት እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ አማኞች ኅብረት ብለው በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ይዘመራል፣ ቃል ይነበባል፣ ከዚያ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ይባላል። የታመመበት ያነሳል፣ ሥራ ያጣ ያነሳል። ደግ ነገር ነው፣ ስንቱን ከወደቀበት አንስቷል። ሐሜት ግን በር ቢዘጉበት በመስኮት የሚገባ ነገር ነው። «አንዲት እህት አለች፣ ስሟን አልጠራም፣ ከገባችበት ጌታ ያውጣት» ይባላል። ስም አይጠራም፣ ደንብ ነው። ስም ሳይጠራ ግን የማያውቃት የለም፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ይሄ ሐሜት ነው የሚል ካለ ይሳሳታል፤ ዐይን ተጨፍኖ ነዋ የሚባለው! ሳሮንም ብትሆን፣ ለማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ስንቴ አሜን ብላለች።

«ርዕሱን ማን ሰጠ?» አለች።

«የሰጠ ሰው አይነገርም።»

«እማዬ!»

«አትጩሂብኝ! ሰው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹የደግነት እናት ቤቷን ለቁማርተኛ ሰጠች› ተባልኩ። ገበያ እንኳ በየት ልለፍ?»

የደግነት እናት። ሰፈሩ የሚጠራት በበኩር ልጇ ስም ነው። ሳሮን ከዚያች ማሕፀን ያልወጣች ይመስል የሳሮን እናት ብሎ የጠራት ሰው የለም። ቁልፉ በእናቷ ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይታያል። ነጥቃ ብትወስደው ማንም አያስጥላትም ነበር። ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

ውጭ፣ አጠገቧ ጨርቅ የምትሸጠው ሀዲጃ በትሪ ቴምር ይዛ ቆማለች፣ ለምረቃው።

«እኔ ወሬ አልወድም፣ ወላሂ» ብላ ጀመረች። ወሬ የሚወድ ሰው ሁሉ አጀማመሩ እንዲህ ነው። «ግን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሐሙስ ዕለት አንቺ ሐዋሳ ዕቃ ልታመጪ ስትሄጂ፣ ወንድምሽ ከሁለት ሰዎች ጋር መጥቶ ነበር።»

«ደግነት? ምን ሊሠራ?»

«እናትሽ በያዙት ትርፍ ቁልፍ ከፍተውለት ወደ ጓሮ ተመለሱ። እነሱ ክፍሉን በሜትር ለኩት። ‹ጀንፈሉን ከዚህ ጥግ ብንደረድረው ለመኪናም ይመቻል› ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰማሁት። ሜትሩን ያዢልኝ ሊለኝ ምንም አልቀረውም።»

ደግነት ቡና ነጋዴ ነው። በመኸር ኢዲዶና ሬኮ በሚባሉት የገጠር ቀበሌዎች እየዞረ ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ይገዛል፤ በየዓመቱም መጋዘን ፍለጋ ሲራወጥ ነው የሚከርመው። ለሳሮን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ወለል አለላት። ባለፈው ሳምንት መጥቶ፣ እግሩን አነባብሮ፣ የገዛችለትን ሚሪንዳ እየጠጣ «ጎበዝ! ጌታ ይባርክልሽ» ብሏት ነበር። በዚያው አፉ! ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ደግዬ፣ ሱቄን የጸሎት ርዕስ ያደረገው ማነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ፤ ድምፁ ማር ነው። «ግን ሳሪ፣ ከጸሎት ምን ክፉ ይወጣል? ሸክም የሆነበት ሰው ይሆናላ።»

«ሸክሙ ስንት ኩንታል ነው?»

ስልኩ ተዘጋ።

ሀዲጃ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። ሳሮን አልሳቀችም። ከሀዲጃ ባል የብረት መጋዝ ተዋሰችና መጥታ መቆለፊያው ላይ አሳረፈችው። አንዴ ሳበችው፤ ብረቱ ጮኸ። ከመንገድ ማዶ ቆመው የሚያዩትን ሰዎች አየች። ነገ ምን እንደሚባልም ሰማች፦ የእናቷን በር በመጋዝ ቆረጠች፤ አላልንም? ቁማር እንዲህ ነው የሚያደርገው። ደግነት ሌላ ምን ይፈልጋል? መጋዙን አወረደች።

አሌክስ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተሰበረ ጆይስቲክ በፌስታል ይዞ መጣ።

«ሳሪ፣ ኦፕኒንጉ ዛሬ አልነበረም እንዴ?»

«ነበር።»

«ታዲያ?»

«እየተጸለየበት ነው።»

«ኧረ ባክሽ አትቀልጂ!»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ና» አለችው። ከየት አምጥታ እንዳለችው እሷም አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ኅብረቱ የተሰበሰበው እትዬ ጸሐይ ቤት ነበር። እትዬ ጸሐይ መሪዋ ናቸው፤ ክፋት የሌላቸው፣ ለሰው ሲጸልዩ እንባቸው የሚቀድም ሴት። ሳሮን ስትገባ መዝሙሩ ለአፍታ ረገብ አለና ቀጠለ። እናቷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ደግነት ከጎኗ ነው፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ጭኑ ላይ አድርጎ። እህቱን ሲያይ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ተዘመረ፣ ተነበበ። «እስቲ የጸሎት ርዕስ ያላችሁ» አሉ እትዬ ጸሐይ። አንዷ ጉልበቴን አለች። አንዱ ልጄ ሥራ እንዲያገኝ አለ።

«እኔ አለኝ» አለች ሳሮን፣ ተነሥታ ቆመች።

«ተናገሪ፣ የኔ ልጅ።»

«አንድ ወንድም አለ። የእናቱን ቤት የጀንፈል መጋዘን ማድረግ ፈለገ። ‹ስጪኝ› ብሎ በግልጽ ለመጠየቅ አፈረ። ስለዚህ እህቱን ‹ቁማር ቤት ልትከፍት ነው› ብሎ ለእናንተ ርዕስ ሰጠ። እናንተም ጸለያችሁ። እናቱ ሰው ፊት አፍራ በሩን ቆለፈች። ጌታ ከዚህ እንዲያወጣው ጸልዩለት።»

ማንም «ማነው እሱ?» አላለም። መቼም የሚጠይቅ ኖሮ አያውቅም። ግን ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ አንዳንዱ በጎን ሰረቅ አድርጎ ወደ ደግነት አየ።

ደግነት ጉሮሮውን ጠረገ። «እህት ሳሮን፣ ይሄ የክርክር ቦታ አይደለም። የቤተሰብ ነገር ካለ ቤት ነው የሚያልቀው።»

«የኔ ሱቅ ሲሆን እዚህ፣ ያንተ ጀንፈል ሲሆን ቤት? ስሙን ልጥራ እንዴ?»

«ስም አይጠራም!» አሉ እትዬ ጸሐይ ደንግጠው። «የኔ ልጅ፣ ደንባችን ነው።»

«እኔን ስሜን ሳትጠሩ ነው የገደላችሁኝ!» አለች ሳሮን። «ስሜን ጠርታችሁ ቢሆን መጥቼ እመልስ ነበር። ‹ኑና እዩ፣ ቁማሩ የቱ ጋ ነው?› እል ነበር። ስሙ ደግነት ነው። ወንድሜ ነው። ይኸው፣ እዚያ ተቀምጧል።»

ቤቱ ተንጫጫ። «ኧረ በጌታ!» ያለ አለ፣ «ተይ እንጂ ልጅቷ» ያለ አለ። ደግነት ብድግ ብሎ የእናቱን ክንድ ያዘ። «እማዬ፣ ተነሺ፣ እንሂድ።»

እናቱ አልተነሳችም። «ክፍሉን ለካኸው?» አለችው።

«አሁን ይሄ…»

«‹ግድግዳው ርጥበት እንዳለው ልየው› ብለኸኝ ነው የከፈትኩልህ። ለካኸው ወይ?»

«ብለካውስ? ለራሴ ነው እንዴ? ለቤተሰቡ አይደል?»

የሚያድን መልስ መስሎት ነበር። ከአፉ እንደወጣ ግን መለካቱን በገዛ አፉ እንዳመነ ገባውና ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እንጸልይ፣ እንጸልይ» አሉ እትዬ ጸሐይ ተጣድፈው። ዐይን ሁሉ ተጨፈነ። «ጌታ ሆይ፣ አንድ ወንድማችንን በፊትህ…»

«ደግነት በዪ» አለች እናትየው።

እትዬ ጸሐይ አንድ ዐይናቸውን ገለጡ። «እ?»

«ስሙን ጥሪው፣ ጸሐይ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።»

እትዬ ጸሐይ ዐይናቸውን መልሰው ጨፈኑ። «ጌታ ሆይ፣ ወንድማችንን ደግነትን…» ብለው ቀጠሉ። ከዚያ ጸሎቱ ራሱን ቻለ፤ ረጅም ነበር፣ ልባዊም ነበር፣ እንባም ነበረበት። ሳሮን ዐይኗን አልጨፈነችም። የእናቷ ጣቶች በነጠላው ጫፍ ላይ ሲርመሰመሱ ታያለች። ቋጠሮው ጠንክሮ ነበር፤ እናቷ ዐይኗን እንደጨፈነች በጥርሷ ነክሳ ፈታችው። ከዚያ እጇን ዘረጋች፣ ቁልፉ መዳፏ ላይ አለ።

ሳሮን አነሳችው። አሜን እስኪባል አልጠበቀችም።

አሌክስን ከነፌስታሉ ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሀዲጃ ቴምሩን ይዛ ተመለሰች፤ ምረቃው በእሷ አፍ ሆነ፦ «አላህ ገበያሽን ያሙቀው፣ ምቀኛሽን ያርቀው!» ሳሮን አሜን ብላ ማበየጃዋን ሰካች። የአሌክስ ጆይስቲክ ውስጥ የተበጠሰችው አንዲት ቀጭን ሽቦ ብቻ ነበረች። ወሬ የሳባቸው ሰዎችም ገቡ። ቁማሩን ሊያዩ መጥተው ጆይስቲክ ጠይቀው ሄዱ።

አመሻሹ ላይ እናቷ ያወለቀችውን የዛገ መቆለፊያ ከነትርፍ ቁልፉ ይዛ መጣች። ደፍ ላይ ቆማ ግድግዳውን፣ ካርቶኖቹን፣ ጠረጴዛውን አንድ በአንድ አየች።

«ቁማሩ የታለ?»

«ፈልጊው።»

እናቷ ገብታ ጠረጴዛው ሥር እንኳ ጎንበስ ብላ አየች። ቀና አለች። «ሽቦ ብቻ ነው እኮ» አለች።

«እሱን ነው ስነግርሽ የከረምኩት።»

«አንቺ ስትነግሪኝ ሰውም ይነግረኛል። ምን ላድርግ?»

ሳሮን ካቻቪቴዎቿን ሰበሰበች፣ መብራቱን አጠፋች፣ እናቷን አስወጥታ በሩን ዘጋች። ያን ቢጫ መቆለፊያ ከነቁልፉ ለሀዲጃ ሰጥታ፣ የራሷን ዝገታም መቆለፊያ ገጠመች። ያ ሁለት ፍሬ ቁልፍ አለው፤ ሁለቱም አሁን እጇ ላይ ናቸው።

እናቷ እጇን ዘረጋች። «አንዱን ለእኔ ስጪኝ እንጂ። ቤቱ የኔ አይደል?»

ሳሮን ቁልፎቹን አየች፣ የእናቷን መዳፍ አየች። ንዴቱ ገና አልበረደላትም፤ እንዲበርድላትም አልፈለገችም። ሁለቱንም ቁልፎች ሱሪዋ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ልጸልይበትና እነግርሻለሁ፣ እማዬ» አለች።