ሁለተኛው ናጋ

«ከፎቅ ነው አሉ የወደቀችው» አለች ከሚላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አደራ፣ እናትየዋን እንዳትጠይቋት።»

የሟቿ እህት አስቻለች ከሐዘን ድንኳኑ ሸራ ማዶ የሻይ ቴርሞስ ይዛ ቆማ ነበርና ሰማቻት። ቴርሞሱም የከሚላ ነው። የዱረቲ ሞት ከተሰማ ጀምሮ የጨርቅ ሱቋን ዘግታ፣ ጠዋት ጠዋት በወተት የፈላ ሻይ ከቤቷ ይዛ የምትመጣው እሷ ናት። ክፋት የለባትም። የገዛ እህቷ ፋርሂያ አረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የዛሬ አራት ዓመት በሳጥን ነው የመጣችው፤ እንዴት እንደሞተች የነገራቸው የለም። የዱረቲ መርዶ በስልክ ሲመጣ ደግሞ አስቻለች የነበረችው ከሚላ ሱቅ ውስጥ ነው። ከስልኩ ውስጥ አረብኛ ስትሰማ ከሚላ የቀረውን በራሷ ቤት ሐዘን ሞላችው።

«እኔ ጅቡቲ ሆስፒታል ነች ሲባል ነበር የምሰማው» አለች አንዷ ጎረቤት።

«ይበሉን እንጂ። እኛስ ፋርሂያን ዘመድ ጋ ነች እንል አልነበር?»

አስቻለች ስትገባ ወሬው ቆመ። ሻይ እየቀዳች ዞረች፣ ለከሚላም ቀዳችላት። ከሚላ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ» አለቻት። አስቻለች አንድ ነገር ልትላት ፈልጋ ተወችው፤ ድንኳኑ ጥግ እናቷ አዴ ሎኮ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ጅቡቲ ታማ እንደሞተች ነው የተነገራቸው። ከትናንት ጀምሮ ለመጣው ሁሉ እጅ እየሰጡ «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ ከማለት በቀር አልተናገሩም። አላለቀሱምም።

አስቻለች ኪስ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ። ነገ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ከመነሳቱ በፊት የሚነበበው የእህቷ የሕይወት ታሪክ ነው። አስተማሪ ስለሆነች ጻፊ የተባለችው እሷ ናት። «ዱረቲ በ1977 ዓ.ም. በነገሌ ከተማ ተወለደች» ብሎ ይጀምራል። መዘምርነቷን፣ በነርስነት መመረቋን፣ ዶሎ ኦዶ የስደተኞች ጣቢያ ማገልገሏን ይናገራል። ከዚያ «ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በ» ይልና ይቆማል። ከ«በ» በኋላ የሚመጣውን ቃል አስቻለች እስካሁን አልጻፈችውም።

ጅቡቲ የሚለውን ያመጣችው ራሷ ነበረች። ዱረቲ የሄደች ቀን፣ መናኸሪያው ውስጥ የክብረ መንግሥት መኪና እስኪሞላ ሲጠብቁ ነው እውነቱን የሰማችው። ዱረቲ የመን ልትሄድ ነው። ጦርነት ላይ ላለ ከተማ ነርስ ሲፈለግ በፈቃዷ ተመዝግባለች።

«አብደሻል?» አለቻት አስቻለች። «ሰው ከዚያ በጀልባ እየሸሸ አንቺ ትገቢያለሽ?»

ዱረቲ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ሙዝ ትልጥ ነበር። ስለ ዶሎ ኦዶ አወራቻት። በድርቁ ዓመት እናቶች ከሶማሊያ ልጆቻቸውን አዝለው በእግር ሲመጡ፣ እሷ የሕፃናቱን ክንድ በባለ ቀለም ጥብጣብ እየለካች ቀይ ላይ የወደቁትን፣ በረሃብ ክፉኛ የተጎዱትን፣ ትለይ ነበር። አጠገቧ ስትለካ የምትውለው ነርስ ከፊሊፒንስ የመጣች ነበረች።

«ፊሊፒንስ የት እንዳለች እንኳ አላውቅም ነበር» አለች። «እሷ ግን ዶሎ ኦዶን ፈልጋ አገኘችን። ለምን መጣሽ አላልኳትም። እጅ አንሶን ስለነበር ደስ አለኝ። አሁን ደግሞ እዚያ እጅ አንሷል።»

«አዴስ?»

«ለአዴ አንቺ የሆነ ነገር በያት። አስተማሪ አይደለሽ?»

ያኔ ነው ጅቡቲ የተባለው። ቅርብ ነው፣ ሰላም ነው። ዱረቲ ለማንም እንዳትናገር አስማለቻት፣ ግማሹን ሙዝ ሰጠቻትና መኪናው ላይ ወጣች።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ፣ እነ አስቻለች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ በኢሞ በቪዲዮ ትደውል ነበር። ከጀርባዋ ሁልጊዜ ያው አረንጓዴ ግድግዳ ነው፤ ስልኩን ወደ ሌላ ቦታ አዙራው አታውቅም። እናትና ልጅ እንደ ቦረና ወግ ሰላም ይባባላሉ። አካም፣ ናጋ? ናጋ። ሰዉ ናጋ? ናጋ። ሥራው፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ፣ ሁሉም ናጋ። ሞት የገባበት ቤት እንኳ መጀመሪያ ሲጠየቅ የሚመልሰው ናጋ ብሎ ነው። ሰላምታው አልቆ ጠያቂው እንደገና «ናጋ?» ሲል ነው እውነተኛው ነገር የሚወጣው። ከዱረቲ ጋር ግን እዚያ ተደርሶ አያውቅም። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ኔትዎርኩ አስቸገረኝ ትላለች፣ ይዘጋል።

አንድ እሑድ አረንጓዴው ግድግዳ ተንቀጠቀጠ፤ ከጣሪያው ነጭ ብናኝ ፀጉሯ ላይ ረገፈ። «ናጋ» አለች ዱረቲ፣ ብናኙን ሳታራግፍ። ስልኩ ሲዘጋ አስቻለች በሥጋት እናቷን አየች። አዴ ሎኮ የስልኩን መስታወት በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው መለሱላት።

ከሰዓት በኋላ የአባቷ ወንድም ሀላኬ፣ አጎት ለማለት «አቤራ» የምትላቸው፣ ከግቢው ግራር ሥር ጠሯት። አባቷ ከሞቱ ወዲህ የቤቱ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው፤ እውነቱንም የነገረችው ለእሳቸው ብቻ ነው።

«ጅቡቲ ብለሽ ጨርሺው» አሏት። «ነገ ድንኳኑ ይነሳል። ነገሩም አብሮ ይነሳል።»

«አይነሳም፣ አቤራ። ከፎቅ ወደቀች እያሉ ነው።»

«ይበሉ። ሎኮ ደም ግፊት እንዳለባት ታውቂያለሽ። ልጄ ጦርነት ውስጥ ስትሆን አንቺ ታውቂ ነበር ወይ ብትልሽ ምን ልትመልሺ ነው? ባንድ ሳምንት ሁለቱንም ልጆቿን ታሳጪያት?»

አስቻለች ሁለት ቀን ሙሉ ስትፈራ የዋለችው ይህንኑ ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ግን ትንሽ ቀለላት።

«አስክሬኗ አልመጣልንም» አለች። «የቀረን ስሟ ነው። እሱንም በፋርሂያ ሞት ልቅበረው? ጅቡቲን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የማወጣውም እኔ ነኝ። ባይፈቅዱም አነበዋለሁ።»

ሽማግሌው በዘንጋቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ሕፃን ሆና» አሉ በመጨረሻ፣ «ፍየሎቼን በእሾህ እየወጋች መርፌ ሰጠኋቸው ትል ነበር። አንዷ ሦስት ቀን አነከሰችብኝ።» እሺም እምቢም ሳይሉ ተነስተው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሴቶቹ ሳይመጡ፣ አስቻለች እናቷ ፊት ተንበረከከች።

«አዴ፣ ዛሬ የሚነበበውን ከሰው በፊት አንቺ ስሚው።»

አዴ ሎኮ ወረቀቱን ትተው ፊቷን አዩ። «መጀመሪያ ሰላም በይኝ» አሉ።

ሰላም ተባባሉ። ሰዉ፣ ቤቱ፣ እንግዳው፣ ዝናቡ፣ ሁሉም ናጋ ተባለ። አስቻለች ወረቀቱን ልትዘረጋ ስትል እናቷ እጃቸውን አነሱ።

«እህትሽን ሁለተኛ ጠይቄያት አላውቅም። ልብ ብለሻል?»

«ኔትዎርኩ እየተቆረጠ...»

«ኔትዎርኩ አይደለም። ብናኙን አይቻለሁ። የት እንደነበረች አላውቅም፣ ደህና ቦታ እንዳልነበረች ግን አውቃለሁ። ደግሜ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ ዱረቲ ሁለተኛ ተጠይቃ አትዋሽም። ከነገረችኝ ደግሞ ነይ ማለቴ አይቀርም። ትመጣልኝም ነበር፣ ሥራዋን ጥላ።» ቀስ ብለው ተነፈሱ። «ስለዚህ አልጠየቅኋትም። አሁን አንቺን ልጠይቅ። ናጋ?»

አስቻለች ወረቀቱን መሬት አስቀመጠችው።

«ናጋ ሚቲ፣ አዴ» አለች። ሰላም አይደለም።

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። መናኸሪያውን፣ መሐላውን፣ የመንን፣ ዱንያ የምትባል ሐኪም ከዚያ ደውላ አረብኛ እየቀላቀለች በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያስረዳቻትን። ሆስፒታሉ አልጋ ሞልቶበት የወለዱ ሴቶችን ግቢው ውስጥ በተተከለ ድንኳን ያስተኛ ነበር። ተኩሱ ሲቀርብ ዱረቲ ሴቶቹን እየደገፈች ወደ ሕንፃው ማስገባት ጀመረች። ሁለቱን አስገባች። ለሦስተኛዋ ስትመለስ ከየት እንደተተኮሰ ያልታወቀ የከባድ መሣሪያ ጥይት ግቢው ላይ ወደቀ። በማግስቱ እዚያው ቀበሯት። አስቻለች ምንም አልዘለለችም፤ እየነገረች የእናቷን አተነፋፈስ ታዳምጥ ነበር።

አዴ ሎኮ የድንኳኑን ምሰሶ በአንድ እጃቸው ያዙ።

«ሦስተኛዋስ?» አሉ።

«ሌላ ነርስ ወጥታ አስገባቻት።»

«ከነልጇ?»

«ከነልጇ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አለቀሱ፣ መርዶውን ከሰሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። አስቻለች አላባበለቻቸውም፤ አጠገባቸው ተቀምጣ አብራ አለቀሰች። ሲበቃቸው ወረቀቱን አንስተው፣ ማንበብ ስለማይችሉ ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ አንሸራተቱ።

«የቱ ጋ ነው የቆምሽው?»

አስቻለች «በ»ን አሳየቻቸው።

«ጻፊው» አሉ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መዘምራኑ ዘምረው ሲቀመጡ፣ አስቻለች ቆመች። «ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በየመን፣ በጦርነት መካከል፣ በፈቃዷ ነርስ ሆና...» ስትል ድምፅዋ ተቆረጠ። ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመረችው፣ እስከ መጨረሻውም አነበበችው። ከወንዶቹ በኩል አቤራ ሀላኬ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሱና፣ ዱረቲ ሙያዋን በእሳቸው ፍየሎች እንደጀመረች፣ ያነከሰችውም ፍየል በኋላ እንደዳነች ለሰው ሁሉ ተናገሩ። አንዳንዱ እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ።

ከሚላ ለዙህር ሶላት ቤቷ ሄዳ ስለነበር ይህን አልሰማችም። አዲስ ሻይ ሞልታ ስትመለስ ትናንት ወሬዋን የሰሙት ሴቶች አቀረቀሩ። ቴርሞሱን አስቀምጣ፣ እንደ ቀደሙት ሁለት ቀናት አዴ ሎኮ ፊት ጎንበስ አለች።

«አካም፣ ናጋ?»

«ናጋ» አሉ አዴ ሎኮ።

ቀና ብላ ልታልፍ ስትል እጇን ያዙት። ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት፣ በመዳፋቸውም መታ መታ አደረጉላት። ከሚላ ግራ ተጋብታ ተቀመጠች። አዴ ሎኮ እጇን ሳይለቁ፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ ደግማ «ናጋ?» እስክትላቸው ጠበቁ።