ሽማግሌ የሚጠብቅበት ሣር

«ይኸው ተቀመጥኩ። የታል መዥገሩ?» አለ አቶ ወርቅአገኘሁ፣ ከድንጋይ አጥሩ ሥር ጉልበት በደረሰው ሣር ውስጥ እግሩን ዘርግቶ።

ሚስቱ እናናየሁ ማጭድ እንደያዘች ቆማ ታየዋለች። «አሁን ተቀምጠህ አሁን ይመጣልሃል? ትንሽ ታገሠው።»

«እስኪመጣ እጠብቀዋለሁ።»

«ሽማግሌዎቹ የሚያርፉት እዚህ ነው። ይትባረክ ምን ብሎ ነበር? ክረምቱ ሲወጣ መዥገር የሣሩ ጫፍ ላይ ወጥቶ አላፊ አግዳሚውን ይጠብቃል፤ ከቤትና ካጥር ዙሪያ አሳጥራችሁ እጨዱ፣ የበጎቹንም ጉረኖ ከደጃፍ አርቁ አለ። ጉረኖውን እኔና አርሴማ አራቅነው። ያንተ ሣሩ ብቻ ነው።»

ነገሩን ያከረረውም ይኸው የይትባረክ ስም ነበር። ይትባረክ የመዘዞ የከብት ሐኪም ነው። ዛሬ ልጃቸውን አርሴማን ብሎ ሽማግሌ የላከውም እሱ ነው። ገና አማች ሳይሆን ሣር የሚያሳጭድ ሰው፣ አማች ሲሆን ምን ሊያሳጭድ ነው? ወርቅአገኘሁ ይህን ለጎረቤት ሁሉ ሲያወራ ሰንብቷል። ደግሞም ሣሩ የበቅሎው ድርቆሽ ነው፤ ገና አልደረሰም።

አርሴማ ከበሩ ብቅ አለች። «አባዬ፣ እንዳምናዎቹ እንዳታደርጋቸው።»

አምና የመጡት ሽማግሌዎች እስከ ቀትር ደጅ ጠንተው፣ ቀጠሮ ተቀብለው ሄደው፣ በዚያው ቀሩ። ያን ጊዜ አርሴማ ግድ አልሰጣትም። የዘንድሮውን ግን ራሷ መርጣዋለች፤ ከሐሙስ ጀምሮ እህል በቅጡ አልቀመሰችም።

«የኔን ሽማግሌዎች የእናትሽ አባት ሦስት ጊዜ ነው ያመላለሳቸው» አለ ወርቅአገኘሁ። «ሞቱ? አልሞቱም።»

ወዲያው ሦስት ጋቢ የለበሱ ሰዎች ከዳገቱ ብቅ አሉ። ወርቅአገኘሁ ሱሪውን አራግፎ ወደ ቤት ገባ፤ «ባለቤቱ ሥራ ላይ ነው፣ ካጥሩ ሥር አረፍ በሉ» የሚል መልእክትም ላከ። ሥራው የተሰፋ ጠፍር መልሶ መስፋት ነበር።

በመስኮት አጮልቆ ያያል። ዋናው ተናጋሪ መሪጌታ ገብረመንፈስቅዱስ መጀመሪያ ማኅሌት እንደቆመ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ቆየት ብለው አንድ እግራቸውን አነሡ፤ ከዚያ ሌላውን። አቶ ጣሰው ጀርባቸውን ከድንጋዩ ጋር ያፋትጋሉ። ሦስተኛው ተነሥተው ጋቢያቸውን ገለበጡ።

«ተጨነቁ» አለ ደስ ብሎት። «ክብር እንዲህ ነው፣ ሰውን ያቁነጠንጣል።»

«የሚበላቸው ክብር አይደለም» አለች እናናየሁ።

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት፣ በሱሪው ውስጥ አንድ ነገር ከባቱ ወደ ላይ ሲጓዝ ተሰማው። አፉን መልሶ ዘጋ።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ግቡ ተብለው ሲገቡ እንደ ወጉ «ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩ። ኖኅ ጋ ሲደርሱ ወገባቸውን ያዙ፤ አብርሃም ጋ ሲደርሱ ብብታቸውን። የወርቅአገኘሁ እንግዳ ጉልበቱን አልፎ ጭኑ ላይ ሰፈረና ነከሰ። ሽማግሌ ፊት ደግሞ አይታከክም። ግንባሩ አላበው።

እናናየሁ በሠላሳ ዓመት ትዳር ያንን ፊት ታውቀዋለች። «ተረጋግተህ ስማቸው» አለች ለስለስ አድርጋ። «ማን ያጣድፍሃል?»

አቶ ጣሰው አላስቻላቸውም። «መሪጌታ፣ አብርሃም ይቆየን። አቶ ወርቅአገኘሁ፣ ቀጠሮ ሊሰጡን እንደሚችሉ እናውቃለን፣ ወግ ነው። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ እኛ እዚያ አጥር ሥር ዳግመኛ አንቀመጥም። ልጁ ሌላ ሽማግሌ ይፈልግ።»

ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ይሰማ የነበረው የሳህን ኮሽታ ቀጥ አለ። ወርቅአገኘሁ «የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» የሚለውን ቃል ከወር በፊት አዘጋጅቶታል። ምላሱ ላይ ነበር። ነገር ግን በመጋረጃው ሥር የአርሴማ እግሮች ይታያሉ፤ ጣቶቿ መሬቱን ቆንጥጠው ይዘውታል።

«ሰጥተናል» አለ። ድምፁ ካሰበው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ።

መሪጌታ ቅር አላቸው። «እንዴ፣ ገና ሙሴ ጋ እንኳ አልደረስኩም።»

«ቀሪውን ለሠርጉ ያቆዩልን።»

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሞቀ። ጋቢ ተራገፈ፣ ሱሪ ተጠቀለለ። እናናየሁ ወረንጦ ይዛ ከአንዱ ወደ አንዱ ትዞራለች፤ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው እንጂ መጠምዘዝ የለም ትላለች፤ ይህንንም ያስተማራት ይትባረክ ነው። አቶ ጣሰው አራት ወጣላቸው። መሪጌታ «የኔ ሦስት ቢሆንም አንዱ የሁለት ያህላል» ብለው ተከራከሩ።

«ምነው ልጁ ይህን ቀድሞ ቢናገር» አሉ አቶ ጣሰው።

«ተናግሮ ነበር» አለች እናናየሁ፣ ጣሪያውን እያየች።

አርሴማ በመሶቡ አጠገብ ቆማ ስትስቅ እንጀራውን ከፊታቸው ማቅረብ ረሳች። የመሪጌታና የአቶ ጣሰው ክርክር እንደገና ሲጋጋል፣ ወርቅአገኘሁ ጭኑን በእጁ እንደጨበጠ ከመደቡ ተነሣ፤ ከበሩ ጀርባ ማጭዱን አንሥቶ ወጣ።