ከገለባው ሥር

ቢካጆን ስትነቃ ግቢው ተጠርጎ፣ አቧራው የግቢው የእጅ ፓምፕ ውኃ ተርከፍክፎበት፣ ሻዩም ፈልቶ ጠበቃት። ምራቷ ሙናቫር ወደዚህ ቤት ከመጣች አራት ወሯ ነው። በእነዚህ አራት ወራት ፀሐይ አንድ ቀን እንኳ ቀድማት አታውቅም። አዲስ ሙሽራ የቤቱ ሰው ሳይነሳ ተነስታ ግቢውን ትጠርጋለች፤ ይህ እዚህ በኾሬዝምም፣ ሙናቫር ባደገችበት በፌርጋናም ያው ነው።

አርባ ቀን የሚቆየው የበጋ ሃሩር ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሰፈርተኛው ሁሉ አልጋውን ወደ ግቢ አውጥቷል። ቢካጆን ብቻ ክፍሏን ዘግታ ትተኛለች። ባለፈው የብርድ ወራት ባሏ ማትያቁብ ከሞተ ወዲህ ግቢ ውስጥ ተኝታ አታውቅም፤ ለምን ብሎ የጠየቃትም የለም።

“እንቅልፍ እንዴት ነበር ኦይጆን?” አለች ሙናቫር ሻይ እየቀዳች። በሀገሯ እናት የምትጠራው እንዲህ ነው።

“ደህና ነው ልጄ። አንቺ ግን ዓይንሽ ሥር ጠቁሯል። ባልሽ እንደሆነ መንገድ ላይ ነው፤ ማን እንቅልፍ ነሳሽ?”

ሙናቫር አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። ባሏ ኦታጆን የጭነት መኪናውን ይዞ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሁለቱ ሴቶች ዳቦውን ቆርሰው ከቼሪ ማርማላት ጋር በሉ። ቢካጆን የደም ግፊት ክኒኗን ዋጠች። ሙናቫር ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሳች።

በዚህ መሐል የጎረቤታቸው የሻሮፋት ድምፅ ከራሷ ቀድሞ በሩን አለፈ።

“ቢካ! ገና ሻይ ላይ ነሽ? ቦዩ ተለቋል እኮ! ጥጡ ጠግቦ አገሳ መሰለኝ፣ ዛሬ ከቀትር በኋላ ተራው የኛ ነው። መቆፈሪያሽን አዘጋጂ፤ የላይኞቹ ሰዎች ከቀደሙሽ ጭቃውን ነው የሚያወርሱሽ።”

“እውነትሽን ነው?”

“በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት። ውኃው ድልድዩ ጋ ደርሷል።”

ቢካጆን ወዲያው ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። የቦዩ ውኃ ወደ ጥጥ እርሻው ከዞረ ወዲህ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የጠበቀችው ይህንን ነው።

ከውጭው በር እስከ በረንዳው ዘጠኝ የጽጌረዳ እግሮች አሉ። ዘጠኙንም የተከላቸው ማትያቁብ ነው። ቦዩ በደረቀ በማግስቱ ቢካጆን በየእግራቸው ሥር አንድ ስንዝር ገለባ አልብሳ ተወቻቸው። ባሏ በየበጋው እንደዚያ ያደርግ ነበር። ጽጌረዳ ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ሁለት ሳምንት ጥም ይችላል ይል ነበር፤ ቅጠሉን ቢጥልም ውኃ ሲመጣ ያበቅላል። እሷም አመነችው። በዚህ ሳምንት የቅጠሎቹ ጠርዝ እንደተለበለበ ወረቀት ሲፈረፈር እንኳ ከበረሃው የሚነፍሰውን ትኩስ ንፋስ ወቀሰች እንጂ ሌላ ነገር አላሰበችም።

ዓይኗ ያለው ዘጠነኛዋ ላይ ነበር። ማትያቁብ አምና በበጋው መጨረሻ ከየት እንዳመጣው ያልነገራትን አንድ ቡቃያ፣ በዱር ጽጌረዳ ግንድ ላይ ቅርፊቱን ሰንጥቆ ሰካውና አሰረው። “ምን ቀለም ነው?” ስትለው “ሲፈካ ታዪዋለሽ፣ ምን አስቸኮለሽ?” አላት። በፀደይ ሌሎቹ ሲያብቡ እሷን ውርጭ መታት፤ ዘግይታ አገገመች። ቦዩ ከመድረቁ በፊት አንዲት እምቡጥ ያዘች፣ አረንጓዴ፣ ጥብቅ ያለች። ቢካጆን ጠዋት ጠዋት በዚያ በኩል ታልፋለች፤ ቆማ ግን አታይም። እምቡጧን የምትጠብቅ መሆኗን ለልጇም ለምራቷም አልነገረችም።

አሁን አጠገቧ ተንበርክካ፣ ውኃው የሚገባበትን መንገድ ልታበጅ ገለባውን በሁለት እጇ አነሳችው።

ምድሩ እርጥብ ነበር።

እጇን ወደኋላ ሳበች። አሥራ አንድ ቀን ጠብታ ያልወረደበት መሬት እንዴት ይርሳል? ቀጥላ የገለባውን ሆድ ገልብጣ አየችው፤ ነጭ ሆኗል። በግንዱ ዙሪያም እንደ ቀለበት የሆነ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። በጥፍሯ ጫረችና ምላሷ ላይ አደረገችው።

ጨው ነው።

ለሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምራለች። ይህንን ነጭ ነገር በመስታወት ብልቃጥ ይዛ በየክፍሉ ዞራለች፤ ከአሙ ዳርያ ወንዝ የሚመጣው የቦይ ውኃ ጣፋጭ፣ ከእግራችን ሥር ያለው ግን ጨው እንደሆነ፣ ሥር ዙሪያ ጨው ከበዛ ተክሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ በጥም እንደሚሞት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥላ አሳይታለች።  ሮጣ ሁለተኛዋን ገለጠች፤ ነጭ። ሦስተኛዋን፤ ነጭ። አራተኛዋ አጠገብ ቁጭ አለች።

“ምነው ቢካ፣ እባብ አየሽ እንዴ?” አለች ሻሮፋት እየቀረበች። መጥታ አየችና እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። “ውይ! ይሄማ የፓምፕ ውኃ ነው። ማን ጠላት ነው እንዲህ ያደረገሽ?”

ሙናቫር በዕቃ ማጠቢያ ውኃ የረጠበ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። የተገለጠውን ገለባ ስታይ ፊቷ በራ።

“አወቁብኝ!” አለች። “እኔ እንኳ እስኪፈኩ ድረስ አልናገርም ብዬ ነበር።”

ሁለቱም ዞረው አዩዋት።

“ቦዩ ከደረቀ ጀምሮ ነው” ብላ ቀጠለች፣ በኩራትና በሐፍረት መካከል። “ሌሊቱ ሊነጋ ሲል፣ ግቢውን ከመጥረጌ በፊት፣ ለእያንዳንዷ ሁለት ሁለት ባልዲ። ለዚህች ለትንሿ ሦስት። በእሷ በኩል ሲያልፉ አይቻለሁ። ገለባውን ሳልበትን ከሥሩ ነው የማፈሰው። ፓምፑ እንዳይጮህም በእርጥብ ጨርቅ እጠቀልለዋለሁ።”

 ከመንገድ ማዶ የሰው ሁካታ ይሰማል፤ ውኃው እየቀረበ ነው።

“ልጄ” አለች ቢካጆን በመጨረሻ። “ያን ውኃ ቀምሰሽዋል?”

“ጨው ጨው ይላል። ለመጠጥ ብቻ የማይሆን መስሎኝ ነው። በእኛ ቤት አበባውን የምናጠጣው ከጉድጓድ ነው… የጉድጓድ ውኃ ነው የሚወደው…” ቃሏ እየቀጠነ ሄደ። ሻሮፋትን አየች፣ ከዚያ አማቷን፣ ከዚያ መሬት ላይ የተገለበጠውን ነጭ ገለባ። “ምን አደረግኩ?”

ሻሮፋት መታገሥ አልቻለችም። “ከፌርጋና ሙሽራ ስታመጡ ጣፋጭ ጉድጓዷንም አብራችሁ መጫን ነበረባችሁ” አለች። የሳቀ ግን አልነበረም፤ እሷም ወዲያው ምላሷን ነከሰች።

“ለምን አልጠየቅሽኝም?” አለች ቢካጆን።

“ስለ አበቦቹ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም” አለች ሙናቫር። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። “አባቱ የተከሏቸው መሆናቸውን ኦታጆን ነው የነገረኝ። ከጠየቅኩዎ የማሳዝንዎ መሰለኝ።”

ቢካጆን ይህን ሰማች። ለዚህች ልጅ የምድጃውን ጠባይ፣ የበሩን ቁልፍ፣ የዘመዶቹን ቅደም ተከተል ሁሉ አሳይታታለች። ስለ ውኃው ግን ምን ብላ ትንገራት? በዚህ ሀገር የሦስት ዓመት ሕፃን የሚያውቀውን? ስለ ጽጌረዳዎቹ ደግሞ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ከጀመረች ሁለተኛው የማትያቁብን ስም ያመጣዋል ብላ አፏን ዘጋች። ልጅቷ ያጠጣችው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

እጇን ወደ እምቡጧ ዘረጋች። ልትነካት ብቻ ነበር፤ ሳትጎትታት መዳፏ ላይ ወደቀች። የላይኛውን ልጣጭ ገለጠች። ቡናማ። የሚቀጥለውን። ቡናማ። አንድ በአንድ እስከ እምብርቷ ላጠቻት፤ እስከ መጨረሻው የደረቀ የሻይ ቅጠል መስላ ነበር።

“እባክዎ ይምቱኝ” አለች ሙናቫር።

“ዝም በይ። መቆፈሪያውን አምጪ።”

ውኃው ገባ። ሦስቱ ሴቶች በዚያ ፀሐይ የላዩን አፈር ገፈው ከግቢ አወጡት፤ በየእግሩ ዙሪያ ክብ አበጁ፣ ጨዉ እንዲታጠብ አጥለቀለቁ፣ ወደ መፋሰሻው ለቀቁ፣ እንደገና አጥለቀለቁ። ሻሮፋት የራሷን ተራ ለቀቀችላቸው፤ ቲማቲሜ ከሞተ ይሙት አለች። ሙናቫር እጇ ተልጦ ደም ሲወጣው እንኳ አላቆመችም፤ ቢካጆን ነጥቃ አስቀመጠቻት፣ የራሷንም ሻሽ ፈትታ እጇን አሰረችላት። አንዳቸውም ስለ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

አርባው ቀን ወጥቶ አየሩ ሲበርድ፣ ከዘጠኙ አምስቱ ቅጠል አወጡ። ሦስቱ ደርቀው ቀሩና ሙናቫር ነቀለቻቸው። ዘጠነኛዋም ከግንዷ በታች ሁለት ረጃጅም ቀንበጦች አበቀለች፤ ሻሮፋት አይታ ቢካጆንን እንኳን ደስ ያለሽ አለቻት።

ቢካጆን ጎንበስ ብላ ቅጠሉን ቆጠረች። በአንድ ዘንግ ሰባት፣ ትናንሽ፣ እንደ ሌሎቹ አምስት ሳይሆን፤ እሾሁም እንደ መርፌ። የዱሯ ጽጌረዳ ናት፣ ከሥሯ የተነሳች። ጨውን የምትችል እሷ ናት። ከላይ የተሰካው በጣት ሲነካ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭ አለ።

“ምን ቀለም ነበረች ኦይጆን?” አለች ሙናቫር ከኋላዋ።

“አልነገረኝም” አለች ቢካጆን። “ማትያቁብ ሲፈካ ታዪዋለሽ ብሎኝ ነበር።”

ከቀብሩ ወዲህ ስሙን ጮክ ብላ የጠራችው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከሰካው ቡቃያ አሁን የቀረ ነገር የለም፤ ቀለሟን የሚያውቅ ሰውም የለም።