ከዘፈኑ ሥር

ፒያሳ፣ ጋሼ አባይነህ ቪዲዮ ቤት የገባሁት ልጣላቸው ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ሠርጌን የቀረጹት እሳቸው ናቸው። አባቴ ባለፈው ወር አረፈ። ድምፁን ልስማ ብዬ የሠርጌን ቪዲዮ ብከፍት፣ ሲመርቀኝ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ የሚሰማው ዘፈን ብቻ ነው።

«ሰው ምርቃት ላይ ዘፈን ይጭናል? ምን ዓይነት ሰው ነዎት?» ብዬ ጮኽኩባቸው።

«‹ንግግሩ ይሰለቻል፣ ዘፈን ይግባበት› ያልሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ ረጋ ብለው።

እውነታቸውን ነው፤ ያኔ የሁሉም ሰው ሠርግ እንደዚያ ነበር።

ከመደርደሪያው የሠርጌን ዋናውን ካሴት አውጥተው አሮጌ ካሜራቸው ውስጥ ከተቱት። «ይቺ ካሜራ ድምፅ የምትይዘው በሁለት መስመር ነው። ዘፈኑን ያስገባሁት ባዶው ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን አልነካሁትም። አንቺ ጋ ያለው ቅጂ ላይ የተገለበጠው ዘፈኑ ብቻ ነው።»

አንድ ቁልፍ ደጋግመው ተጫኑ። ዘፈኑ ቀስ በቀስ ጠፋና አባቴ ከነሳሉ፣ ከነጎርናና ድምፁ መጣ። «ውለጂ፣ ክበጂ» እያለ መርቆኝ ሲጨርስ ወደ ካሜራው ዞረ።

«አንተ ልጅ፣ ድምፄ ገብቷል? ለልጄ እንዲቀርላት ነው።»

ከካሜራው ጀርባ የጋሼ አባይነህ የወጣትነት ድምፅ መለሰለት፤

«ገብቷል አባባ። ማንም ቢለኝ አላጠፋውም።»