የተፈታውን ያዝ

ወንድሜ እሁድ ጠዋት መጣና ገና በሩን ሳያልፍ የአባባን ሞተር ብስክሌት ጠየቀኝ። አባባን ሰላም ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰፈሩ «ንፋስ» ይለዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም። እኔን ደግሞ «ምሰሶ» ይሉኛል፣ ማሞገሳቸው ነው። አባባ ግማሽ ጎኑ ከከዳው ጀምሮ የማነሳው፣ የማጥበው፣ የማጎርሰው እኔ ነኝ። ከቤቱ ጋር በተያያዘችው በእሱ ጋራዥ የምሠራውም እኔው ነኝ። ምሰሶ ግን ቤት ተሸክሞ ይቆማል እንጂ በበር አይወጣም። ይህን ሲያሞግሱኝ ማንም አያስበውም።

«እትዬ፣ ያ የአባባ ሞተር አለ አይደል? ለሥራ ፈልጌው ነው። ዛሬውኑ ብትጠግኚልኝ ሳይመሽ መንገድ እገባለሁ።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ! ስንት ጊዜ ጠፍቶ መጥቶ፣ ያውም ዛሬውኑ ሊሄድ።

ይቺን ቀን እኔም እፈልጋት ነበር። ከተራራው ማዶ ባለችው ከተማ የአውቶቡስ ጋራዥ አለ። የጋራዡ ኃላፊ የሆነች ሴት መኪናዋ እኛ ደጃፍ ተበላሽታባት የእጄን ሥራ ቆማ አይታለች። «ሰኞ ጠዋት ቱታሽን ለብሰሽ ነይ። ካልመጣሽ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል» ብላኛለች። ሰኞ ነገ ነው። አባባን ደግሞ ለግድግዳ አደራ ሰጥቼ አልሄድ።

ሞተሩን ከጓዳ እየጎተትን ስናወጣ ለንፋስ ሁሉንም ነገርኩት፤ ተራራውንም፣ ጋራዡንም፣ ሰኞንም። አባባ ጋራዡ በር ላይ ወንበሩ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የተኛ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«ትንሽ ጊዜ አብረኸው ብትቆይ? ቤት እስካገኝ ነው፣ ከዚያ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«እኔ?» ብሎ ሳቀ። «እትዬ፣ እኔ ለዚህ አልሆንም። ማንኪያ ስይዝ እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል። አንቺ እኮ ለምደሽዋል።»

ለምደሽዋል! የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይሉ የለ። በእጄ የያዝኩትን መፍቻ ግንባሩ ላይ ልወረውርለት ምንም አልቀረኝ። ስናደድ ግን ሥራ መጀመር ጠባዬ ነው፤ ተንበርክኬ የፊቱን ጎማ ያዝኩ።

ጎማው አልዞር አለ። እርጥብ ጓዳ ውስጥ ስለከረመ ፍሬኑ ዲስኩን ነክሶ ቀርቷል። ብሎኖቹን ፈታሁና ካሊፐሩን፣ ዲስኩን ከግራና ከቀኝ የሚጨብጠውን ያንን ብረት፣ እየነቀነቅኩ አላቀቅኩት። በውስጡ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ይተያያሉ። መሪው ላይ ያለው የፍሬን እጀታ ሲጨበጥ የፍሬኑ ዘይት ሁለቱንም ይገፋል። የፍሬን ሸራዎቹን አወጣሁና ካሊፐሩን ከነቱቦው ይዤ «ቀስ ብለህ ጨብጥ» አልኩት።

ጨበጠ። የቀኙ ፒስተን ወጣ አለ፤ የግራው ንቅንቅ የለም።

«በቃ አቁም። የተፈታውን ሳላስረው እንዳትጨብጥ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ጊዜ ጨበጠ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። የቀኙ ፒስተን ተፈናጥሮ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ዘይቱም ተረጭቶ የንፋስን ነጭ ሸሚዝ አበላሸው።

«ምን አደረግሽኝ!» አለ። እኔ!

ከወንበሩ ላይ የአባባ ድምፅ መጣ። ከታመመ ወዲህ ቃል የሚያወጣው እንደ ከባድ ዕቃ እያነሳ ነው። «የተፈታውን... ያዝ።»

ይህን ሲያስተምረን ሁለታችንም አጠገቡ ነበርን፤ የንፋስ ዓይን ግን ያኔም መንገድ መንገዱን ያይ ነበር። ዘይት ሰነፍ ነው፣ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። አንዱ ፒስተን ከተፈታ ግፊቱ ሁሉ ወደሱ ይሄድና እሱ ዘሎ ይወጣል። እሱ ከወጣ በኋላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ብትጨብጡ ዘይቱ በባዶው ጉድጓድ ይፈሳል እንጂ የተጣበቀውን የሚገፋው የለም። ስለዚህ የተፈታውን በእንጨት ደግፎ በሞርሳ ጨምድዶ ማሰር ነው። ያኔ ግፊቱ መሄጃ ሲያጣ ወደ ተጣበቀው ይዞራል።

የወጣውን አጥቤ መለስኩት። ዘይት ሞላሁ፣ ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር አስወጣሁ፣ እንጨት ደግፌ በሞርሳ አሰርኩት። «አሁን ጨብጥ።»

እጀታው እንደ ድንጋይ ደረቀ። ንፋስ በሁለት እጁ ያዘው፤ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ካሊፐሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር «ቀጭ» አለች፤ የተጣበቀው የፀጉር ያህል ተንቀሳቀሰ።

ልቤ ለምን እንደዘለለ አላውቅም። ውሸቴን ነው፣ አውቃለሁ። አባባ የወደቀ ሰሞን ንፋስ «ሥራ ይጠብቀኛል» ብሎ በማግሥቱ ሄደ። የኔም ሥራ ይጠብቀኝ ነበር። እሱ ቀድሞ ስለወጣ ነው እኔ የቀረሁት፤ ያን ጊዜ እሱን የያዘው ሰው አልነበረም። ይህን እያሰብኩ ከንፈሬን ነከስኩ፤ እሱ ሸሚዙን እያየ ያጉረመርማል።

ደጋግሞ ሲጨብጥ የተጣበቀው ሊወጣ እስኪደርስ ተገፋ፤ ሞርሳውን ፈትቼ ሁለቱንም በእጅ አወጣኋቸው። ጥፍሬን ፒስተኑ ላይ አስኬድኩ፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለው አይረባም። ለስላሳ ነበር። ጥፋቱ ፒስተኑን የሚከበው የጎማ ቀለበት መቀመጫ ላይ ነው፤ ነጭ ዝገት እንደ ጨው ተጋግሮ ቀለበቱን ከኋላ እየገፋ ፒስተኑን አንቆታል። በቀጭን የነሐስ ሽቦ ፋቅኩት፣ አጠብኩት፣ አዳዲስ ቀለበቶች በፍሬን ዘይት አርሼ አስገባሁ። ፒስተኖቹን በሁለት አውራ ጣቴ ቀጥ አድርጌ ገፋሁ። ካዘነበለ እዚያው ይነክሳልና መዶሻ አይነካውም።

«አልደረሰም፣ እትዬ?» ይላል ንፋስ፣ ስልኩን እያየ።

የማጠብቀው ብሎን ሁሉ እሱን ይሸኛል። በገዛ እጄ በሩን በላዬ ላይ እየዘጋሁ ነበር። «ዛሬ አይሆንም» ብዬ መዋሸት እችል ነበር። ግን ፍሬን ላይ አይዋሽም፤ ያውም አባባ እየሰማ። ሸራዎቹን መለስኩ፣ ካሊፐሩን አሰርኩ፣ እጀታው እስኪጠነክር ድረስ አየሩን አስወጣሁ። ጎማውን አዞርኩት፤ ዞረ። ጨበጥኩ፤ ቆመ። ለቀቅኩ፤ ደግሞ ዞረ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ጥሩ መሆኑ ራሱ አንጀቴን አሳረረኝ።

«እሰይ! በይ ቁልፉን» አለ።

«ፍሬን የጠገነ ሰው ራሱ ሳይሞክር አያስረክብም።» ይህ የአባባ ሕግ ነው፤ እስከ ማዞሪያው ደርሶ መመለስ። «አንተ እስክመለስ አባባ አጠገብ ቁም።»

«ቶሎ በይ ታዲያ!»

ሞተሩን አስነሳሁ።

«ጃኬትሽን... ልበሺ» አለ አባባ።

ፀሐዩ የጋራዡን ቆርቆሮ በር ያቃጥላል። ንፋስ ሳቀ። «አባባ፣ እስከ ማዞሪያው እኮ ነው! በዚህ ሙቀት?»

አባባ እሱን አላየውም። እኔን ነው የሚያየኝ። «ተራራው ላይ... ይበርዳል።»

ስለ ተራራው ለሱ ነግሬው አላውቅም። ለካ ጠዋት ተኝቶ አልነበረም።

ጃኬቴን ከምስማሩ አውርጄ ቱታዬ ላይ ደረብኩ። ወደሱ ጎንበስ ብዬ አንገቱ ላይ ያለችውን ፎጣ አስተካከልኩለት። ቀና ስል ደህናው እጁ የንፋስን እጅጌ ጨብጦ አየሁ። «አንተ... እዚህ ተቀመጥ» ይለዋል።

ማዞሪያው ጋ ስደርስ ጨበጥኩ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስለቀው ጎማው ነፃ ሆነ። ሁልጊዜ የምመለሰው ከዚህች ቦታ ነበር። ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ወደ ተራራው ሄድኩ።

ከተራራው ሥር ስልኬ ጮኸ። ዳር ይዤ ቆምኩ።

«እትዬ! ፍሬኑ አልያዘም እንዴ? የት ቀረሽ?»

«ይዟል። ደህና ነው።»

«ታዲያ ነይ እንጂ! መንገዱ መሸብኝ። አባባ ደግሞ እጅጌዬን አለቅም ብሏል።»

«ሾርባው ምድጃው ላይ ነው» አልኩት። «ግራ ጉንጩ አይሰማውም፣ በቀኙ በኩል ስጠው፤ በትንሿ ማንኪያ። መዋጡን ሳታይ አትድገምለት። ሲተኛ ጎኑን ቀይርለት። ቤት እስካገኝ ነው፣ ከዚያ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ከስልኩ ማዶ የአባባ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማኝ።

«እትዬ... እኔ እኮ አልችልም።»

ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። ከላይ የሚመጣው አየር ከአሁኑ ይቀዘቅዛል።

«ትለምደዋለህ» አልኩት።