ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙት እንግዶች

የትነበርሽ ጎንደር ላይ ሰርቪስ ቤቷን ለሦስት ዓመት ያከራየቻቸው ሕንዶች ሥጋ አይበሉም። እንቁላል እንኳ አይነኩም። አባትዮው ሱሬሽ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ሚስቱ ላታ ከየትነበርሽ ጋር ሽንኩርት እየላጠች አማርኛውን ለምዳለች። ልጃቸው ሚኑ ዐሥር ዓመቷ ነው። እሑድ ጠቅልለው አገራቸው ሊገቡ ነው። የትነበርሽ ደግሞ ያባቴን ቤት እህል ሳትቀምሱ አትሄዱም ብላ ምላለች። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት በሾፌሩ በሐምዛ ሚኒባስ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጡ።

ነገሩ የተበላሸው ከዋዜማው፣ በስልክ ነው። ወንድሟ አያ ውዱ እንግዳ መጣ ሲባል በግ ይጥላል። አይበሉም ቢሉት ናቁኝ ብሎ ዓመት ያኮርፋል። ይህን ስለምታውቅ፣ ሰዎቹ ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ናቸው አለችው። ብልህ የሆነች መስሏት ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። የውዱ ሚስት ይመኙሽ እግራቸውን አጥባ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈችላቸው። ከዚያ በኋላ የመጣ ነገር የለም። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት ሆነ። ጎረቤቱ ጿሚዎቹን ለማየት ይገባል ይወጣል። አንድ ሽማግሌ ጉልበቴን ያመኛልና ጸልይልኝ ብሎ እግሩን ሱሬሽ ፊት ዘረጋ። ሱሬሽ የሚያደርገው ቢጠፋው ጉልበቱን አሸለት።

የትነበርሽ ወደ ማድ ቤት ገባች። የባቄላው ሽሮ ደርሷል፤ ድንቹ ተቀቅሏል፤ እንጀራው በሞሰብ ነው።

«ምነው አታቀርቢም?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ?» አለች ይመኙሽ። «ዓመቱን ሙሉ የጾሙትን እኔ ላስገድፋቸው?»

ለልጅቷስ ብትላት፣ የኔዎቹ ከሰባት ዓመታቸው ጀምረው ይጾማሉ አለች። እርጎውን ሳይቀር ልጅቷ አይታ እንዳይከጅላት ብላ ጎረቤት አስቀምጣዋለች። ሚኑ ደግሞ ለእርጎ ነፍሷን የምትሰጥ ልጅ ናት። የትነበርሽ ግንባሯን ያዘች። ሐምዛ ስምንት ሰዓት ላይ ሞተር አስነሣለሁ፣ የሚጠብቀኝ ሰው አለ ብሏል። ዋሸሁ ብትል በገዛ ወንድሟ ቤት ልትዋረድ ነው። ዝም ብትል እንግዶቿ ጦማቸውን ሊመለሱ ነው። ተመልሳ መደቡ ላይ ተቀመጠች። የሰው ምክር ብቻ ሳይሆን የራሷንም ልብ አትሰማም።

ሰባት ተኩል ላይ ሐምዛ ከታች ከመንገዱ ጥሩምባውን ነፋ። ላታ ወደ የትነበርሽ ጆሮ ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ ምን አጠፋን? ምነው አልወደዱንም?»

የትነበርሽ ይህን ሰምታ መቀመጥ አልቻለችም። ተነሥታ ወንድሟ ፊት ቆመች።

«አያ ውዱ፣ ዋሽቼሃለሁ። ጾም የለባቸውም። ሥጋ ነው የማይበሉት። በግህን እንዳትጥል ብዬ ነው።»

ውዱ የዝንብ ጭራውን አስቀመጠ።

«በጌን ንቀው ነው?»

«የማንንም በግ አይበሉም። አንተን የናቅሁ እኔ ነኝ።»

ይመኙሽ የወንድምና የእኅቱን ነገር አልጠበቀችም። ሞሰቡ ገባ፤ እርጎውም ከጎረቤት መጣ። ሚኑ ሦስት ዋንጫ ጠጣች። ሱሬሽና ላታ በእጃቸው እየጠቀለሉ ሲጎርሱ ውዱ አያቸውና አጎራረሳቸው ሸጋ ነው አለ። ለእኅቱ ግን ጀርባውን ሰጣት።

ሐምዛ ሞተሩን አስነሥቶ ሲነጫነጭ፣ ውዱ ሙክቱን ተሸክሞ ቁልቁል መጣ። የሚኒባሱን በር ከፈተና በጉን የትነበርሽ ጭን ላይ ዱብ አደረገው።

«ካልበሉት ይዘውት ይሂዱ። ከኔ ቤት ባዶ እጁን የወጣ እንግዳ የለም።»

እሑድ አገራቸው ይገባሉ አለችው።

«እንኪያስ አንቺ ቀልቢው። ለፋሲካ መጥቼ እበላዋለሁ።»

በጉ ኮሶዬ ሳይደርሱ ቀሚሷ ላይ ሸናባት። ሐምዛ ወንበሬን አበላሻችሁ እያለ ጎንደር እስኪገባ አጉረመረመ። ሚኑ የበጉን ጆሮ ስታሻሽ ቆይታ፣ እንደማታርጂው ማይልኝ አለቻት። የትነበርሽ መስኮት መስኮቱን አየች፤ ልጅቷ ግን አለቀቀቻትም። በመጨረሻ ማለች።

ጎንደር ሳይገቡ እዚያው መንገዱ ላይ፣ ለፋሲካ አያ ውዱን ምን እንደምትለው ማሰብ ጀመረች።